የአክስቴ የኋላ ግድግዳ

ታባ ፔላ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2003

«ተምሬ ጨረስኩ፤ እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ ራሱን ያልጠየቀ ተመራቂ ይኖር ይሆን? እኔ ጥቁሩን ካባ አውልቄ ለተረኛ ካስረከብኩ ወዲህ ጥያቄው ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሲቆረቁረኝ ከረመ።

ይኸን ስጽፍ እናቴ በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አየችና «ሰላምታ ሳታቀርቢ ወግ ትጀምሪያለሽ? ማሜሎ ምን ብላ ትታዘበኝ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። እንግዲህ እንደ ወጉ፦

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ ማሜሎ። ሰላም፣ ዝናብና ጥጋብ ለቤትዎ ይሁን። የሚያስታምሟቸው ሁሉ በእግራቸው ይውጡልዎ። በሰው አገር የሚያልፉበት በር በደግ እጅ ይከፈትልዎ። እኛ ሁላችን ደኅና ነን። ዝናቡ ብቻ ጠፍቶብናል፤ በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ ቅጠሉን መጠቅለል ጀምሯል።

ምስጋናዬን ከየት እንደምጀምር አላውቅም። አባቴ በሕይወት ሳለ «ማሜሎ የአጎቴ ልጅ አይደለችም፣ እኅቴ ናት» ይል ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ያንን ቃል ያስከበሩት እርስዎ ነዎት። ብሉምፎንቴን ድረስ ሄጄ ሥዕል እንድማር የገፋፉኝም፣ የመጨረሻውን ዓመት ወጪ የቻሉልኝም እርስዎ ነዎት። የላኩልኝን ብሩሾች አስተማሪዬ ራሱ «ለአንድ ቀን አውሺኝ» ብሎኝ እምቢ ብዬዋለሁ። ዲፕሎማዬን እናቴ ሰቅላዋለች፤ እንግዳ በገባ ቁጥር «እዚህ ጋ ብትቀመጡ ይሻላል» እያለች ከፊቱ ታስቀምጠዋለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ከተማ ውስጥ አዲስ ጤና ጣቢያ ተሠርቷል። ወደ መንገዱ የሚያየው ረጅሙ ግድግዳ ላይ አንድ ሰዓሊ እንዲስልበት ይፈልጋሉ። ሥዕሎቼን ጠቅልዬ ሄድኩ። ከኮሚቴው አንዷ ሴትዮ አንድ በአንድ አገላብጠው አዩና፣ «እጅሽ ጥሩ ነው። ግን ይኼ ወረቀት ነው። ገንዳ ውስጥ የዋኘ ሁሉ ወንዝ አይሻገርም። በኦክቶበር ዞረን እናያለን፤ የሠራሽውን ግድግዳ አሳዪን» አሉኝ።

ግድግዳ! መንደራችንን ያውቁታል። ግድግዳ ሞልቷል፤ ሁሉም ግን ባለቤት አለው። ሴት የምትስለው የራሷን ቤት ነው፤ ምርጊቱን ጎረቤት ያግዛታል፣ ጥለቱ የእሷ ብቻ ነው። እኔና እናቴ የምንኖርበት ቤት ደግሞ ቆርቆሮ ስለሆነ ጭቃ አይዝም። የልጅነት ጓደኛዎን እማ ፑሌን «ጓሮዎን እንኳ ቢፈቅዱልኝ» ብላቸው ሳቁብኝ፦

«አንቺ ልጅ፣ ነገ ደግሞ ባልዎን ያውሱኝ በይኛ!»

ከዚያ ወዲህ ቧንቧው ጋ ስደርስ ስሜ ተቀይሯል። «ግድግዳ የሌላት ሰዓሊ መጣች፣ ወረፋ ልቀቁላት!» ይሉኛል። ወረፋ ስለሚለቁልኝ ብዙም አልተቀየምኩ።

እንግዲህ ልለምንዎ የደፈርኩት ይኸን ነው፤ ገንዘብ አይደለም። እናትዎ ካረፉ ወዲህ ቤትዎ ዝግ ነው። ቁልፉ አጎቴ ቴፎ ዘንድ ተሰቅሏል። የፊቱ ግድግዳ ወደ መንገድ ያያል፣ የጧት ፀሐይ ያገኘዋል፣ ሰፊ ነው። እሱን ይፍቀዱልኝ። ይኸን ግድግዳ ካገኘሁ ሰዓሊ እሆናለሁ፤ ካላገኘሁ ግን ዲፕሎማ ያላት ልጅ ሆኜ መቅረቴ ነው።

እጅ እየነሣሁ፣
ልጅዎ ሞይፖኔ


ጎልዌይ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 2003

ለውድ ልጄ ለሞይፖኔ፤

ሰላሙንና ጥጋቡን በደስታ ተቀብያለሁ፤ ዝናቡን ግን መልሼ ልኬልሻለሁ። እዚህ የሚለምነው የለም። የዚህ አገር ሰው በር ላይ ሲገናኝ መጀመሪያ ዝናብን ያማል፣ ከዚያ ሰላም ይባባላል። ለናንተ ይዝነብላችሁ። የእጅሽ ሥራ ይባረክ፤ የእናትሽ ዕድሜ ይርዘም።

የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው። እኔ ያለሁበት ክፍል ሽማግሌዎች ብቻ የተኙበት ነው። አንዱ መርፌ ስወጋው «የአገርሽን ዘፈን ካልዘፈንሽልኝ ክንዴን አልሰጥም» ይለኛል። እዘፍንለታለሁ። ቃሉን ስለማያውቅ አንዳንድ ጊዜ የአጎትሽን የቴፎን በጎች ስም እየጠራሁ እዘፍናለሁ፤ «እንዴት ያለ መንፈሳዊ ዜማ ነው!» ይላል።

የምረቃሽ ፎቶ ደርሶኛል። ማድቤት ለጥፌዋለሁ። የሥራ ባልደረባዬ መጥታ «ልጅሽ ናት?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት፤ ማን ያጣራል? ካንቺ በላይ ኮርቼብሻለሁ።

አንድ ምክር ስሚኝ። እናንተ ጋ ያለው ትምህርት ቤት መምህር እንደሚፈልግ እናትሽ ጽፋልኛለች። ደመወዝ ያለው ሰው ቅዳሜና እሑድ ይስላል፤ ደመወዝ የሌለው ሰው በሳምንቱ ሁሉ ያስባል እንጂ አይስልም። አስቢበት። ሹራብ ልኬልሻለሁ፤ ክረምቱ ሳይገባ እንዲደርስሽ።

የእናትሽ ጉልበት ተሻለው? ቴፎ ዛሬም ከጧት እስከ ማታ ስለ በግ ያወራል? የግቢዬ የኮክ ዛፍ ዘንድሮ አፈራ ወይ? ጻፊልኝ።

የምትወድሽ አክስትሽ፣
ማሜሎ


ታባ ፔላ፣ ሜይ 25 ቀን 2003

ይድረስ ለክብርት አክስቴ ማሜሎ፤

እንደምን ከረሙልኝ? መልሰው የላኩት ዝናብ ደርሶናል፤ ጥቂት አካፍቶ ሄደ። ለሱም ተመስገን ብለናል። ለሹራቡ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ «ላንቺ ይጠብሻል» ብላ ወሰደችው። ሳልለብሰው እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኳትም፤ ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ጉልበቷ እንኳ የተሻለው ይመስላል።

ምክርዎን አክብሬ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የወለደች መምህርት ተክቼ አንድ ወር አስተማርኩ። ልጆቹን ወደድኳቸው፤ እነሱም ወደዱኝ መሰለኝ፣ ስሰናበት አንዷ ግማሽ ብርቱካን ሰጠችኝ። ግን አክስቴ፣ ካልዋሸሁዎ፣ ሰሌዳው ፊት በቆምኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ስፋቱ ላይ ነው። «ይኼ ሁሉ ጥቁር ተራራ ቢሆን፣ እዚህ ጋ ደግሞ ጭስ ቢወጣ» ስል ደወሉ ይደወላል፤ ልጆቹ መደመሩን ሳይማሩ ይወጣሉ። ለነሱም ጥሩ አይደለም።

እስከዚያው ያገኘሁት ላይ እስላለሁ። ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ጸጉር ቤት በር ላይ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ሣልኩ። ባለታክሲው ራማቤሌ ደግሞ «እኛ የአንበሳ ጎሳ ነን፤ መኪናዬ ጎን ላይ አንበሳ አቁሚልኝ» አለኝ። ለፍቼ ጨረስኩ። ዞሮ ዞሮ አየውና፦

«ሞይፖኔ፣ ይኼ አንበሳ ነው?»

«አንበሳ ነው።»

«ታዲያ ምነው አሁን ከጸጉር ቤት የወጣ መሰለ?»

ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ከፍቶኝ ነበር። በማግስቱ ላስተካክለው ቀለሜን ይዤ ብሄድ ራማቤሌ በሩ ላይ ቆሞ አላስነካም አለ። «ተይው! ሰው ሌላውን ታክሲ እያሳለፈ የኔን ይጠብቃል። ‹ሹሩባው አንበሳ ይምጣልን› ይላሉ!» እግዜር ይስጠው፤ ሰው ሳይወድም ሲወድም እንዲህ በግልጽ ሲነግርዎ ብዙ ይማራሉ።

ይሁን እንጂ ታክሲና ኮንቴይነር ግድግዳ አይሆኑም፤ ኮሚቴው የሚፈልገው ግድግዳ ነው።

የኮክ ዛፉ አፍርቶ ነበር። አሁን ቅጠሉን አራግፏል፤ ደኅና ነው። ስለ ዛፉ ጠይቀው ስለ ግድግዳው ምንም አላሉኝም። የደብዳቤዬ ሁለተኛ ገጽ መንገድ ላይ ወድቆ ይሆናል ብዬ እንደገና እጽፈዋለሁ፦ የፊት ግድግዳዎን ይፍቀዱልኝ። እምቢ ካሉኝም «እምቢ» ይበሉኝ፤ አልቀየምም። ያደረጉልኝ ካላደረጉልኝ ይበልጣል።

ሁልጊዜም አመስጋኝ ልጅዎ፣
ሞይፖኔ


ጎልዌይ፣ ኦገስት 20 ቀን 2003

ልጄ ሞይፖኔ፤

ሰላም ላንቺና ለእናትሽ።

ገጹ አልወደቀም። ደርሶኝ ነበር።

የፊቱን ግድግዳ አትንኪብኝ። ወደ ተራራው የሚያየውን፣ የኋላውን ግን ሳዪበት። እዚያ የሚያይሽ የለም፤ ኮሚቴውን በጓሮ በኩል ታስገቢያቸዋለሽ። ቴፎ ቁልፍ ልስጥሽ ቢልሽ አያስፈልገኝም በዪው፣ ከውጭ ነው የምትሠሪው።

ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። መልሱን ራሴም ገና አላገኘሁትም። ደብዳቤዬ አጭር በመሆኑ የተቆጣሁ እንዳይመስልሽ። ስለ ሹሩባው አንበሳ ለሽማግሌዬ ነገርኩት፤ በሳቅ ብዛት ደም ግፊቱን መለካት አቃተኝ። እጅሽን እግዜር ይምራው።

አክስትሽ ማሜሎ


ታባ ፔላ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 2003

ይድረስ ለውድ አክስቴ ማሜሎ፤

ሰላም፣ ዝናብና ጥጋብ ይብዛልዎ። የኋላውን ግድግዳ ስለሰጡኝ ምድር ስሜ አመሰግናለሁ። ግን ችግር ላይ ወድቄአለሁ። ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ከወንዙ ዳር ቀይና ቢጫ አፈር ቆፈርኩ፤ ነጩን ከአሮጌው ካብ ሥር አገኘሁት። እበት፣ ጭቃና አመድ አቡክቼ ግድግዳውን በመዳፌ መረግኩ። ብሉምፎንቴን የተማርኩትንም አልጣልኩትም፤ ገመድ ወጥሬ ግድግዳውን በአራት ማዕዘን ከፋፈልኩት። ከዚያ ምርጊቱ ሳይደርቅ በሹካ ጥርስ እየጫርኩ ትልም አወጣሁበት፤ አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ጎን፣ አንዱን በሰያፍ። በትልሞቹ መካከል ትልልቅ ቅጠል በቀይ አስገባሁ። አክስቴ፣ ፀሐይዋ ስትዞር ጥላው በትልሙ ውስጥ አብሯት ይዞራል! ጧት የማየው ግድግዳና ከሰዓት የማየው ግድግዳ አንድ አይደሉም። ተቀምጬ ሳየው ቆይቼ «ይኸን የሠራሁት እኔ ነኝ?» አልኩ።

እዚያ የሚያይሽ የለም ብለውኝ ነበር። ሁለታችንም ረስተነው እንጂ ማገዶ ለቃሚ የሚወርደው በተራራው በኩል ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ ስጭር «እልልልል!» የሚል ሰማሁ። ዞር ስል እማ ፑሌ ጭራሯቸውን መሬት ጥለው እጃቸውን ያወናጭፋሉ።

«ማሜሎ ልትመጣ ነው! እሰይ! ማሜሎ ልትመጣ ነው!»

«ኧረ አይደለም፣ እማ ፑሌ! ለኮሚቴው ናሙና ነው።»

«ዝም በይ! ግድግዳ ናሙና አይሆንም። ዝግ ቤት የሚመረገው ባለቤቱ ሊገባ ሲል ነው። ‹ላስደንቃቸው፣ ደብቂልኝ› ብላሽ ነው አይደል? አፍሽ ቢደብቅ ግድግዳሽ ተናገረ!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ አይደል የሚባለው። ዕለቱን አጎቴ ቴፎ መጥተው ግድግዳውን ዳሰሱ፣ ተመልሰውም በጎቻቸውን አሰልፈው ራሰ ጥቁሯን ለእርድ መረጡ። የጸሎት ማኅበሩ ሴቶች ቀይ ሸሚዛቸውን አጥበው አስጥተዋል። እማ ፑሌ ለጠላው የማሽላ ብቅል ዘፍዝፈዋል። «አይመጡም» ባልኩ ቁጥር ይጣቀሱብኛል፤ «አፏን እንዴት አድርጋ ይዛዋለች! የአባቷ ልጅ!» ይሉኛል። እናቴ እንኳ ብቻዬን ስታገኘኝ «ለኔ እንኳ አትነግሪኝም?» አለችኝ። ስልክ እንዳልደውልልዎ፣ የስልኩ ኮንቴይነር ውስጥ የተወራ ሁሉ እኔ ከመውጣቴ በፊት ገበያ ይደርሳል።

አክስቴ፣ እመጣለሁ ካሉኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። አልመጣም ካሉኝ ግን ግድግዳው ዋሽቷል ማለት ነው፤ የዋሸ ግድግዳ በኛ መንደር እንዴት እንደሚታይ ያውቃሉ። ያን ጊዜ ራሴ ውሃ ደፍቼ አጥበዋለሁ። ኮሚቴው የሚመጣው ኦክቶበር ሃያ አምስት ነው። ካጠብኩት የማሳየው የለኝም፤ የጤና ጣቢያው ግድግዳ ለሌላ ሰው ይሄዳል። ይሂድ። ይኸን ሁሉ ሰው አሳስቼ በእርስዎ ስም ሰዓሊ አልሆንም። ባልዲው በሩ ላይ ነው። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሞይፖኔ


ጎልዌይ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 2003

ሞይፖኔ፣

እንዳታጥቢው!

ሰላምታ ሳላስቀድም ጮኽኩብሽ፤ እናትሽ ይቅር ትበለኝ። ሰላም፣ ዝናብና ጥጋብ ይሁንላችሁ። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ የጻፍኩት ነው፤ በፈጣን ፖስታ ይመጣልሻል። አሁን ተቀመጪና አንብቢ።

ለመኖር አልመጣም። እግዜር ካለ ላያችሁ እመጣለሁ፤ ዕቃዬን ጠቅልዬ ግን አልመጣም።

የፊቱን ግድግዳ ስትለምኚኝ ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገርሽ። ብፈቅድልሽ «አልመለስም» ማለቴ ነው፤ ብከለክልሽ «እመለሳለሁ» ማለቴ ነው። ከሁለቱ የትኛውን እንደምል ራሴም አላወቅሁትም ነበር። ሰው ልቡ ሁለት ቦታ ሲሆን የኋላውን ግድግዳ ይሰጣል።

እዚህ በጁላይ ትንሽ ቤት ገዛሁ። ዙሪያው ነጭ ነበር፤ ዓይኔ እምቢ አለው። ቀይ ቀለም ገዝቼ፣ ቡናማ ጠብ አድርጌበት፣ የመስኮቶቹንና የበሩን ዙሪያ በሰፊው ቀባሁት። ጎረቤቴ ኑዋላ አጥሩ ላይ ተደግፋ ስታየኝ ቆየችና፣

«ማሜሎ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለችኝ።

«ቤቴን እየሠራሁ» አልኳት።

ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ብሩሹን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። የሴት ቤቷ እጇ ያረፈበት ግድግዳ ያለበት ነው፤ ታባ ፔላ ያሳደገችኝ ይኸን እያለች ነው። ለካ ሳላውቀው ወስኜ ነበር። አንቺ «ይመጣሉ ወይስ አይመጡም?» ብለሽ በቁርጥ ባትጠይቂኝ ለራሴም ሳልነግረው እኖር ነበር። ብዙ ሰው ጠይቆኛል፣ ለደስታው የሚመቸውን መልስ ብቻ ነበር የሚፈልገው። አንቺ ባልዲ በሩ ላይ አስቀምጠሽ ጠየቅሽኝ። አመሰግንሻለሁ።

ስለዚህ ቤቱን ላንቺ ሰጥቻለሁ፤ የፊቱንም የኋላውንም፣ ጣሪያውንም፣ የኮክ ዛፉንም። አባትሽ «እኅቴ» ብሎኛል፤ በወጋችን የወንድም ልጅ ቤት ስትገባ ቃሉን የምትሰጠው የአባት እኅት ናት፤ እነሆ ሰጠሁ። ይኸን ወረቀት ለቴፎ፣ ሴቶቹ ባሉበት፣ ጮክ ብለሽ አንብቢ። «ግድግዳው አልዋሸም» በያቸው። ባለቤት ልትገባ ነው ብሏል፣ ባለቤቷም ገባች። ያሳሳተን ማን እንደምትገባ ብቻ ነው።

እማ ፑሌ ታለቅሳለች። ታልቅስ፤ እኔም እዚህ አብሬአት አለቅሳለሁ። ከዚያ በጓን በተመለከተ፦ ቴፎ «ማሜሎ ካልመጣችማ ወደ መንጋው ትመለስ» እንዳይል። እሱ በግ ሲመርጥ እንጂ ሲያርድ አይቼ አላውቅም።

የፊቱን ግድግዳ አሁን ያዢው። ጊዜ የለሽም።

አክስትሽ፣
ማሜሎ


ታባ ፔላ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2003

ይድረስ ለአባቴ እኅት፣ ለእኔ እንደ እናትም እንደ አባትም ለሆኑኝ ለአክስቴ ማሜሎ፤

የሰጡት እጅ አይጉደልብዎ። የቀቡት በር የደስታ መግቢያ ይሁንልዎ። ኑዋላ ጥሩ ጎረቤት ትሁንልዎ። በቤቴ ውስጥ ሆኜ እጽፍልዎታለሁ፤ «ቤቴ» የሚለውን ቃል ስጽፈው እጄ ገና አልለመደውም።

ወረቀቱን እንዳዘዙኝ አነበብኩት። «አልመጣም» የሚለው ላይ ስደርስ አጎቴ ቴፎ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን ይመለከቱ ጀመር። እማ ፑሌ መሬት ቁጭ ብለው፣ «ከትምህርት ቤት ስንመለስ አብረን ነበር እኮ። ጫማዋን ታውሰኝ ነበር፤ ቀኙን እኔ፣ ግራውን እሷ» እያሉ ተንሰቀሰቁ። እኔም የማደርገው ጠፋኝ። «ይቅርታ» ብል የእኔ ጥፋት አይደለም፤ ዝም ብል ቤቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ቀና አሉ።

«በሉ፣ ብቅሉን የዘፈዘፍኩት ለልቅሶ አይደለም። ባለቤት ገብታለች። አንቺ! ባል የላት፣ ቤት ግን አላት! ዘንድሮ ያላየነው ጉድ የለም!»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ዕለቱን ምርጊቱን አገዙኝ፤ ስንቱ እጅ በፊቱ ግድግዳ ላይ እንዳረፈ አይቆጠርም። ጥለቱን ማውጣት ስጀምር ግን ሁሉም ወደ ኋላ ሸሹ። ማንም ሳይነግራቸው። እማ ፑሌ እንኳ እጃቸውን ከጀርባቸው አጣምረው ቆሙ፤ ያን ጊዜ ነው የባለቤትነቱ ነገር የገባኝ። በጓም ታርዳለች፤ አጎቴ ቴፎ ሲያርዱ ፊታቸውን አዙረው ነበር።

አሁን ስለ ኮሚቴው። የመጡት በቀጠሯቸው ነው። የፊቱን ግድግዳ አዩ፤ «ያምራል» አሉ። «ያምራል» ብለው የሚሄዱ መሰለኝ። ያቺ ሴትዮ ግን ጥለቱ ማዕዘኑ ላይ እንደማይቆም ልብ አሉ። የኋላውን አስቀድሜ ስለጨረስኩ ትልሞቹ ከዚያ ተነሥተው በጎን ዞረው ነው ወደ ፊት የሚመጡት። ተከትለው ዞሩ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሁለተኛ ሲዞሩ ፀሐይዋ ፈቀቅ ብላ ስለነበር ቀድሞ ያዩት ሌላ ሆኖ ጠበቃቸው። «ይቺ ልጅ ግድግዳ አልሣለችም፣ ቤት ነው የሣለችው» አሉ ሴትዮዋ።

አክስቴ፣ መጀመሪያ የለመንኩትን ሰጥተውኝ ቢሆን ኖሮ የፊቱን ብቻ ሥዬ ጨርሼ ነበር። በመከልከልዎም አመሰግንዎታለሁ።

የጤና ጣቢያውን ግድግዳ ሰጡኝ! በጃንዋሪ እጀምራለሁ። እናቴ የኮሚቴውን ወረቀት ከዲፕሎማው ጎን ሰቅላዋለች፤ እንግዳ አሁን ሁለት ቦታ ይቀመጣል። ራማቤሌ መሰላሉን በታክሲው ላይ ጭኖ እንደሚያደርስልኝ ነግሮኛል፤ «አንበሳ ብቻ እንዳትስዪበት» ብሏል።

ብቻ አንድ ነገር ቀርቷል፤ ያለ እርስዎ አይሆንም። ግድግዳው ረጅም ነው፤ ሴቶቹን እርዱኝ አልኳቸው። እማ ፑሌ ጠየቁኝ፦

«ቤቱ የማን ነው?»

«የመንግሥት።»

«መንግሥት የምትባል ሴት በዚህ አገር አላውቅም።»

«እሺ፣ የታማሚው ሁሉ ነው።»

«እኔ እዚያ ስሄድ እንግዳ ነኝ። እንግዳ የሰው ግድግዳ አይነካም። ባለቤቷን አምጪ!»

እዚያ የሚሠሩትን ነርሶች ብጠይቃቸው የከተማ ልጆች ናቸው፤ «እኛ ጥለት የለንም፣ ጡብ ቤት ነው ያደግነው» አሉኝ። ተክዤ ስመለስ እማ ፑሌ መንገድ ላይ ጠበቁኝ። «ማሜሎ ነርስ አይደለች? ነርስ ያለችበት ቤት የነርስ ነው። ከዚህ መንደር የወጣችው ነርስ እሷ ናት፤ ጥለቱን ታውጣ። ከዚያ እኔ ራሴ መሰላል ላይ እወጣለሁ፣ ብወድቅ ሆስፒታል አልፈልግም፣ እዚያው ነኝ!» አሉኝ።

ስለዚህ ከዋናው በር በላይ፣ እናቶች ልጅ ታቅፈው ተራ የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ያለውን ቦታ እኔ አልነካውም። የእርስዎ ነው። ሽማግሌዎ ሲተኙ በእርሳስም ቢሆን፣ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባም ቢሆን ይሥሩልኝ፤ እጅዎ የፈቀደውን። እኔ አጉልቼ፣ አንድ መስመር ሳልጨምር ሳልቀንስ አወጣዋለሁ። ሴቶቹ እየጠበቁ ነው፤ እማ ፑሌም «እንደ ባለፈው ጊዜ ወራት አቆይታ እንዳትልክ ንገሪያት» ብለዋል።

ይላኩልን፣ አክስቴ።

ልጅዎ ሞይፖኔ